የእናቴ ምላጭና የካምፑ ኖራ

ልጄ ዘይነብ፣ "አባዬ፣ መነጽርህን ካልቀየርክ ጥቁር ክር ለጠየቀህ ሰው ቡናማ መስጠትህ አይቀርም" ብላ በቀደም ዓይን ሐኪም ዘንድ ጎትታ ወሰደችኝ። እኔ በሕይወቴ ክር አሳስቼ ሰጥቼ አላውቅም። ጸጉሬ የሸበተው መርካቶ ውስጥ ክር ስሸጥ ነው። ግን ከሴት ልጅ ጋር መከራከር ትርፍ የለውም ብዬ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ረጋ ያለ፣ እጇ ቀላል። ግራ ዓይኔን በመብራቷ አየችና ለዕድሜዬ ደህና መሆኑን ነገረችኝ። ቀኙ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ቀኜ ነጭ ነው፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ብርሃን አያውቅም። ከዚያ ጣቷ ወደ ቅንድቤ ጫፍ ሄደ። እዚያ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች፤ በግራ በኩልም አምሳያዋ አለች። ሁለቱንም ዳበሰቻቸው።

"አባባ፣ እነዚህ በልጅነትዎ ዓይንዎን ሲያምዎት የተበጡት ናቸው አይደል?" አለችኝ፤ መልሴን ሳትጠብቅም ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ መጻፍ ጀመረች።

ምን ብላ እንደጻፈች ጠየቅኳት። "ከልጅነት የጀመረ የዓይን ሕመም" አለች።

"አጥፊው" አልኳት።

ዘይነብ በእፍረት መሬት መሬት ታይ ጀመር። ሐኪሟም ደንገጥ ብላ ተመለከተችኝ። ልቆጣ ፈልጌ አልነበረም ልበል? አይ፣ ምን አስዋሸኝ፤ ልቆጣ ፈልጌ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ማኅተም ተመትቶባት አይቻታለሁ፤ እናቴን ከምግብ ስትለያትም አይቻለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ገና አልሞላኝም። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ጋሼ ነስሩ የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ የክር መደብር ነበራቸው፤ እኔ እሳቸው ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው። ልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ከመደርደሪያው የሚመሳሰለውን ክር አወጣለሁ። ቀላል የመሰለው እስቲ ይሞክረው። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ በደመና ቀን አንድ ናቸው፤ የተሰፋው ሱሪ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ጉዱ ይፈላል፣ ደንበኛውም ሱሪውን ይዞ ይመጣና ፊትህ ላይ ይወረውርልሃል። ጋሼ ነስሩ ሠራተኛውን ሁሉ ሲቆጡ ይውላሉ፤ እኔን ግን "የሰዒድ ዓይን ሚዛን ነው" ይሉ ነበር፣ ለሚሰማም ለማይሰማም።

እናቴ ዘሐራ ከወሎ የመጣች ሴት ናት። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገችን ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ እየጠበሰች ነው። ጁምዓ ቀን መንገዱን ሞልቶ የሰገደው ሰው ሲበተን፣ ሳምቡሳዋ ዘይቱ እንኳ ሳይጠፈፍ ያልቅ ነበር፤ ምስሩ ውስጥ የምትጨምረውን ቃሪያ እስከ ዛሬ ምላሴ ያስታውሰዋል። ከዚህ ሌላ አንድ ሥራ ነበራት፣ ዋጋ የማትቀበልበት። የሰፈሩን ሕፃናት ቅንድብ ጫፍ በምላጭ ትበጣለች። ከአገሯ ይዛው የመጣችው ልማድ ነው። ልጁ የሚበጣው ዓይኑን ስላመመው አይደለም፤ እንዳያመው ነው፣ አስቀድሞ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። "እጇ ይቀላል" እየተባለ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ድረስ ያሉ እናቶች ልጅ አዝለው ወደ እሷ ይመጡ ነበር። እኔንም ወንድሞቼንም እህቶቼንም የበጣችን እሷው ናት።

ታዲያ አንድ ቀን ቀበሌ ጠራኝ፤ ብሔራዊ ውትድርና። እየጨፈርኩ ሄድኩ ብል ውሸት ነው፤ ግን ጣራ ሥር ተሸሽጌም አልቀረሁም። የገባሁ ቀን ሐኪም ፊት ቆምኩ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፊደል አንብብ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው ደቃቅ መስመር ድረስ አነበብኩለት። "ጤነኛ" ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ። ጠባሳዎቼ ያኔም ፊቴ ላይ ነበሩ፤ የትም አልሄዱም።

ካምፑ ቆላ ነው፤ ስሙ ይቅር። ሲነጋ አቧራ፣ ሲመሽ ትንኝ፣ በመካከሉ ከነጠጠሩ የሚበላ ምስር ወጥ። አንድ ሰሞን ትልልቅ ሰዎች ሊጎበኙን ነው ተባለና ካምፑ ታመሰ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ፣ የዛፉ ግንድ ሁሉ ነጭ ይቀባ ተባለ። እስካሁን አልገባኝም፤ ድንጋይ ነጭ ሲሆን ጦር ምን ይጠቀማል? እኔን ከኖራው በርሜል አጠገብ አቆሙኝ። ደረቅ ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላ የነገረኝ ሰው የለም። የክር ቤት ልጅ ከየት ይወቅ? አለቃችን "ምን ትለሰለሳለህ፣ ውሃውን ድፋው" አለኝ። ደፋሁት። በርሜሉ ተንተከተከና ፊቴ ላይ ፈነዳ።

ሕመሙን ልተርክ አልፈልግም። የምተርከው ሌላውን ነው። ድንኳን ውስጥ ዓይኔን በእርጥብ ጨርቅ አስረው አስተኙኝና እንግዶቹ እስኪሄዱ ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም። ጭብጨባው እዚያው ሆኜ ይሰማኝ ነበር፤ ነጩን ድንጋይ አይተው ሳይደሰቱ አይቀሩም። በደንብ ያጠቡኝ ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቀኝ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር።

ከሆስፒታል ስወጣ የሠራዊቱ የሕክምና ቦርድ የሚባል ፊት አቀረቡኝ። አንድ ቃል አልጠየቁኝም። የስንብት ወረቀቴን ሰጥተው ሸኙኝ። እንዲህ ይላል፤ "ወደ ሠራዊቱ ከመግባቱ በፊት በነበረበት የዓይን ሕመም ምክንያት ተሰናብቷል። በሁለቱ ቅንድቦቹ ጫፍ የሚታየው የባህል ሕክምና ብጣት ሕመሙ ከልጅነት የጀመረ መሆኑን ያረጋግጣል።" ኖራ የለም፣ በርሜል የለም፣ ድፋው ያለኝ አለቃም የለም። እነሱ ንጹሕ ሆኑና እኔ ታምሜ የገባሁ አጭበርባሪ ሆንኩ ማለት ነው።

ሰፈር ስደርስ ግን እልልታ ነው። የሰው ልጅ በሣጥን በሚመጣበት ጊዜ እኔ በእግሬ መጣሁ፤ በአንድ ዓይን ተገላገልክ፣ አልሐምዱሊላህ በል አሉኝ። እኔም አልኩ። በማግስቱ መመለሴን ላስመዘግብ ቀበሌ ስሄድ እናቴ አብራኝ ሄደች፤ ከመጣሁ ወዲህ ከአጠገቤ መለየት አቅቷት ነበር። የቀበሌው ሰው ወረቀቱን ተቀበለና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፣ ብጣት የሚለውንም ጭምር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

ቤት ገብታ ሣጥኗን ከፈተች። ምላጯን ከነተጠቀለለበት ጨርቅ አወጣችና ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣለችው። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ሰዒዴ፣ እኔ ነኝ አይደል?" አለችኝ።

ኖራ ነው አልኳት። ኖራ መሆኑን በአላህ ስም ማልኩላት። ራሷን ትነቀንቃለች፤ ለእሷ ብዬ የምዋሽ ነው የመሰላት። ሐኪም የጻፈውን፣ ማኅተም ያረፈበትን፣ እኔ በአፌ የማፈርሰው አልሆነም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አስጠላት። ሳምቡሳ ለሰው ትጠብሳለች፣ አንዷን ቀምሳ አታይም። ጉንጯ ገባ፣ ቀሚሷ ሰፋት። እኔ አንድ ዓይን ያጠፉብኝን ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ እናቴን በቁሟ ሲገድሏት ግን ዝም ብዬ አላይም አልኩ። ጡረታ ምናምን ይቀርብሃል ያሉኝም ነበሩ። ጡረታውን ይብሉት። የጻፉት ይሰረዝ፤ የጻፉት እነሱ ናቸው፣ የሚሰርዙትም እነሱ ናቸው።

ጋሼ ነስሩ በአንድ ዓይኔም ቢሆን ወደ ሥራዬ መለሱኝ፤ በዚህ ውለታቸው አለብኝ። አቤቱታ ላቀርብ መሆኑን ስነግራቸው ግን በእጃቸው የያዙትን ክር አስቀመጡና፣ "ከመሞት መሰንበት ይሻላል ልጄ። ከመንግሥት ጋር ተካሶ የከበረ አይቼ አላውቅም" አሉኝ። ልክ ነበሩ ይሆናል። እኔ ግን ለዚያው ቦርድ አመለከትኩ። ማመልከቻዬን የተቀበለው ጸሐፊ አንብቦ ሲጨርስ ከት ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ ለመውጣት ነው የሚያመለክተው፣ አንተ ወጥተሃል፣ ምን ቀረህ አለኝ። ወጥቻለሁ፣ በሐሰት ግን አልወጣም አልኩት። ሌላ ጊዜ ተመለስ አለኝ። ሌላ ጊዜም ተመለስኩ፤ ክረምቱን በሙሉ፣ የመርካቶን ጭቃ እስከ ጉልበቴ እየተቀባሁ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የሰለቸው ይመስለኛል፤ ቦርዱ ፊት የምቀርብበትን ቀን ቆረጠልኝ።

በዚያ ክረምት እናቴ ሌላ አመል አመጣች። ከምሠራበት መደብር ሁለት ቁራጭ ክር ወሰደች፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ። እነሱን ይዛ መርካቶን ትዞር ጀመር። የበጣቻቸውን ልጆች ፍለጋ ነው። ልጆች ልበል እንጂ ጎረምሶች ሆነዋል፤ ተሸካሚ የሆነ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ሥጋ ቤት የቆመ አለ። ተሸካሚውን ከነጆንያው ታቆመውና ክሮቹን ከፍ አድርጋ "ጥቁሩ የቱ ነው?" ትለዋለች። ምስኪኑ ጆንያው አንገቱን እያጎበጠው ይመርጥላታል። "አብሽር ልጄ" ብላ መርቃው ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሰፈሩ እትዬ ዘሐራ ለየላቸው ማለት ጀመረ። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ፣ ምን ይደረግ፣ ያስቃል።

አንድ ቀን ዝናብ አብስብሷት ገባችና ሁሉም በደንብ እንደሚያዩ ነገረችኝ። ይኸው፣ አንቺ እንዳልሆንሽ ገባሽ አይደል አልኳት። "አይ" አለች፣ "ያንተን ብቻ ነው ያጠፋሁት።" ሳቄ የቆመው ያን ቀን ነው።

ቀጠሮው መስከረም ገብቶ ነበር። ከሲኒማ ራስ ውይይት ተሳፈርን፤ ውይይት ማለት ያኔ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት ታክሲ ናት። እናቴን ቅሪ ብያት ነበር፣ ሞቼ ነው የምገኘው አለች። መንገዱን ሙሉ የተሳፋሪውን ቅንድብ ስትመረምር ሄደች። ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ባለ ከረቫት ሰውዬ በመጨረሻ ጨንቆት ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

የቦርዱ ቢሮ በር ላይ ስንደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ የተረፈችውን አንዷን ማለቴ ነው። ጋሼ ነስሩ ቆመዋል። በገበያ ቀን፣ በአዲስ ዓመት ግርግር፣ መደብራቸውን ዘግተው። ከእሳቸው ኋላ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ ያ ተሸካሚ፣ የሥጋ ቤቱ ልጅ፣ ሌሎችም የሰፈራችን ልጆች፤ ከመካከላቸው ደግሞ ለእረፍት የመጣ የሰፈራችን ወታደር፣ ሃምሳ አለቃ እንድሪስ፣ ከነዩኒፎርሙ። ጋሼ ነስሩ ሳላመሰግናቸው ቀድመው ተቆጡኝ። ፍርድ ቤት ያለ ምስክር የሚሄድ ቂል ነው አሉኝ።

ዘበኛው ከእኔና ከእናቴ በቀር ማንንም አላስገባም አለ። ሌሎቹ አጥሩን ተደግፈው ቀሩ። ውስጥ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ የመካከለኛው ሐኪም ነው፣ ማዕረጉ ኮሎኔል፣ ጸጉሩ ገባ ያለ፣ ፊቱ ላይ ድካም የሚታይበት ሰው። ወረቀቴን አገላበጠና ውሳኔው በቂ ምክንያት አለው፣ ጠባሳው ማስረጃ ነው አለ። ያን ጊዜ ፍርሃቴ የት እንደሄደ አላውቅም።

"ጓድ ኮሎኔል" አልኩት፣ "የገባሁ ቀን የእናንተው ሐኪም አይቶኛል። ያን ቀን ይህን ጠባሳ ኪሴ ውስጥ ደብቄው ነበር?"

በስተቀኝ ያለው መኮንን ሥርዓት ያዝ አለኝ። ይዣለሁ አልኩት፤ ግን ይህ ጠባሳ በሽታ ከሆነ እባካችሁ በመስኮት ተመልከቱ፣ አጥሩ ሥር የቆመው ሁሉ በሽተኛ ነው፤ አንዱማ የእናንተን ዩኒፎርም ለብሷል። ኮሎኔሉ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ተመለሰና ያ ወታደር ይምጣ አለ።

እንድሪስ ገብቶ ተረከዙን አጋጨ። ኮሎኔሉ መነጽሩን አድርጎ ቅንድቡን አየ፣ በዓይኑ ችግር ኖሮበት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። እንድሪስ በጦር ክፍሉ አልሞ ተኳሽ ተብሎ የተመረጠ ሰው ነው፤ ይህንኑ ተናገረ። ማን በጣህ ሲለው ፈገግ ላለማለት እየታገለ "እትዬ ዘሐራ ናቸው፣ ጓድ ኮሎኔል። እዚያ ወንበር ላይ ያሉት" አለ።

ኮሎኔሉ ወደ እኔ ዞሮ ታዲያ ዓይንህ ምን ሆነ አለኝ። ኖራ አልኩ። ስለ በርሜሉ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ እንግዶቹ ነገርኩት። ከካምፑ የመጣ መዝገብ ላይ ኖራ የሚል ነገር የለም አለኝ። መዝጋቢውና ድፋው ያለኝ ሰው አንድ ናቸው አልኩት። ሦስቱ አንገታቸውን ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከቆይታ በኋላ ሌላ ወረቀት ጽፈው አቀረቡልኝ። "ከመግባቱ በፊት የነበረ" የሚለው ወጥቷል። በምትኩ "መንስኤው ያልታወቀ" ይላል። ፈርም አሉኝ።

አልፈርምም አልኩ። መንስኤውን አውቀዋለሁ፤ የማውቀውን አላውቅም ብዬ አልፈርምም። ሥርዓት ያዝ ያለኝ መኮንን ጠረጴዛውን መታ። አንገቴን አልደፋሁም። በደጅ ጥናት ክረምት የከረመ ሰው ምን ያስፈራዋል?

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለችና ጠረጴዛው ድረስ ሄደች። "ጌታዬ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ መንስኤ የሚሉትን አላውቅም" አለች። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?"

ኮሎኔሉ መነጽሩን አወለቀ። "አይደሉም እናቴ" አላት። "በፍጹም እርስዎ አይደሉም።"

"እንግዲያው እሱን ይጻፉልኝ።"

ዘሐራ ነች እንዲህ ያለችው፣ የቀበሌ ዘበኛ ሲያልፍ መንገድ የምትለቀው ሴት። ኮሎኔሉ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና በእጁ ጽሑፍ ጨመረበት፤ "ጉዳቱ ከባህል ሕክምናው ብጣት ጋር ግንኙነት የለውም።" ምስክር በሚለው ቦታ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። የእኔ ቦታ ባዶውን ቀረ። ያለ ፊርማዬ ማኅተም መቱበት፤ ያለ እኔ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ አልገረመኝም።

ከበሩ ስንወጣ ሰፈርተኛው ከበበን፣ ሰማችሁ ምን ሆነ ተባባሉ። እናቴ ማንንም አልሰማችም። ክንዴን ይዛ "ራበኝ" አለች። ሲኒማ ራስ ወርደን ሻይ ቤት ገባን፤ ቦምቦሊኖ በሻይ አዘዝኩላት፣ በላችና ሌላ አስጨመረች፣ ሦስተኛውን ከጋሼ ነስሩ ፊት አነሣች። ጋሼ ነስሩ የተዘጋ መደብራቸውን እያሰቡ ይቁነጠነጡ ነበር፤ ቢሆንም እሷ እስክትጠግብ ንቅንቅ አላሉም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ብጣት ይጠቅማል እያልኩ አይደለም። አይጠቅምም፤ የልጅን ዓይን የሚጠብቀው ፊቱን በንጹሕ ውሃ መታጠብ መሆኑን በኋላ ተማርን። ዘይነብንም ወንድሞቿንም ምላጭ አላስነካኋቸውም፤ እናቴም ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም አልበጣችም። ግን የማይጠቅም ሌላ፣ ያሳወረ ሌላ። የሌላውን ጥፋት እናቴ ላይ እንዲደፉ አልፈቅድም። ያኔም አልፈቀድኩም፣ እሷ ካረፈችም በኋላ አልፈቅድም።

ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ነገርኳት፣ ደጅ ተራ የሚጠብቅ ሰው እያለ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጻፍ ያደረገችውን አጠፋችና "ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ አባባ?" አለችኝ።

"ኖራ ብለሽ ጻፊ።"

ጻፈች። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ እንድታዞርልኝ ጠየቅኳት፤ አዞረችልኝ። በአንድ ዓይኔ፣ በአሮጌው መነጽሬ፣ አነበብኩት። ሰው ጽፎት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ብትኖር፣ ምንም ማንበብ ባትችልም፣ ጠጋ ብላ በጣቷ ትነካው ነበር። ዘይነብ ጠጋ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ወረቀቱን አትሚልኝና ልፈርምበት አልኳት። ሐኪሟ ሳቅ ብላ፣ ፊርማ አያስፈልገውም አባባ፣ በኮምፒውተር ነው አለችኝ።

"ያስፈልገዋል" አልኳት፣ "እስክሪብቶሽን ስጪኝ።"